ዙም ይሁን ቴሌግራም? ከደሴ ሆኖ የኦንላይን ስብሰባ ለሚመራ ሰው

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ ደወለልኝ። «ለኦንላይን ስብሰባ የትኛው አፕ ይሻላል?» ነው ጥያቄው። የሰፈሩን ቅሬ ኮሚቴ ሊያግዝ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የአባላቱ ልጆች አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ አንዳንዶቹም አሜሪካ ናቸው። መዋጮ ይልካሉ፣ መዋጮው ምን ላይ እንደዋለ ግን ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ቦታ የላቸውም። የቅሬው ዳኛ ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው አባት ናቸው። ስማርት ስልክ የገዛላቸው ልጃቸው ነው። ጥሪ ያነሳሉ፣ የድምፅ መልእክት ይሰማሉ፣ ከዚያ ያለፈውን አይነኩም።

እኔም መልሼ ጠየቅሁት። «ከሁላችሁ ኔትወርኩ ደካማ፣ ስልኩም ያረጀ ማን ነው?» ትንሽ አሰበና «ዳኛው ይመስሉኛል» አለ። «እንግዲያው አፑን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው» አልኩት።

ይህን ያልኩት በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረን የተማርን 20 ምናምን ሰዎች ለተማርንበት ትምህርት ቤት መጽሐፍና ወንበር ለመግዛት ተሰባሰብን። ላፕቶፕና ጥሩ ዋይፋይ ያለው ወንድማችን አንድ ዘመናዊ አፕ መረጠልን። ነጭ ሰሌዳ አለው፣ ሰውን በቡድን ይከፋፍላል፣ የሌለው ነገር የለም። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ጓደኛችን ግን ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ቀረች። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል»፣ «ሰልችቷት ይሆናል» ተባባልን። በኋላ የድምፅ መልእክት ላከች። «እኔ አልሸሸሁም፣ ስልኬ ሞልቶ አፑን አልጭን አለኝ፣ አብሽሩ፣ ገንዘቡን እልካለሁ» ይላል። ከሁላችንም በላይ ያዋጣችው እሷ ነበረች። ወንበሩ ስንት ይሁን፣ መጽሐፉ የትኛው ይሁን ብለን ስንወስን ግን አልነበረችም። ያ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አፕ ከመምረጣችሁ በፊት ሰዎቹን ቁጠሩ። ማን በምን ስልክ ይገባል? ዳታው የሞባይል ነው ወይስ ዋይፋይ? ስልኩ ላይ ባዶ ቦታ አለ? ብቻውን የሚሆንበት ክፍልስ አለው ወይስ አሠሪው አጠገቡ ናቸው? ይህን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አለቀ።

ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?

ይህችን ነገር የተረዳ ሰው አፕ ለመምረጥ አይቸገርም። ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት።

ስትናገሩ አፑ ድምፃችሁን ይቆራርጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰከንድ ንግግር ወደ 50 ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተጉዞ ሰሚው ጋ ሲደርስ መልሶ ይገጣጠማል። ኮምቦልቻ መናኸሪያ 50 ሚኒባስ አሰልፋችሁ፣ ሀረጎን ወጥተው ደሴ በተራቸው እንዲገቡ እንደማድረግ ቁጠሩት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ዳገትና ጥምዝምዝ ነው። አንዱ ከተሳቢ ኋላ ይያዛል፣ አንዱን ጉም ያዘገየዋል፣ ሌላው ቀድሞ ይገባል። ፊልም ስታዩ ቢሆን ችግር የለውም፣ የቀሩት እስኪደርሱ ይጠበቃሉ። ዩቲዩብ ክብ እያዞረ ቆም የሚለው ለዚሁ ነው። ስብሰባ ላይ ግን ሰውየው እየተናገረ ስለሆነ መጠበቅ አይቻልም፣ የዘገየው ቁራጭ ይጣላል። «ድምፅህ ይቆራረጣል» የምንለው እነዚያ የተጣሉትን ቁራጮች ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ሰው ፍጥነት ለክቶ «ጥሩ ቁጥር አሳየኝ፣ ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?» ይላል። የሚፈለገው መንገዱ ሰፊ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሚኒባሶቹ በእኩል ልዩነት መድረሳቸው ነው። ቀጭን ግን የተረጋጋ መስመር፣ ወፍራም ግን አንዴ መጥቶ አንዴ ከሚሄድ መስመር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ መላክና መቀበል አንድ አይደሉም። የሞባይል ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይሻላል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው እኛን አጥርቶ እየሰማ፣ እኛ ግን እሱን የማንሰማው። እሱ የሚቸገር አይመስለውም፣ ስለዚህ ንገሩት።

አሁን ወደ ዳታ እንምጣ፣ ምክንያቱም ካርድ ሞልቶ ለሚገባ ሰው ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ዙም ራሱ በሚያወጣው መመሪያ ድምፅ ብቻ ሲሆን በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል። ሁለት ሰው ጥራት ባለው ቪዲዮ ሲነጋገር ደግሞ 600 ኪሎቢት ለመላክ፣ 600 ለመቀበል ይፈልጋል። ይህን ወደምናውቀው ሜጋባይት ስንቀይረው በድምፅ ብቻ አንድ ሰዓት መስማት 36 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ያለማቋረጥ የሚናገርም ቢሆን በድምሩ ከ72 ብዙም አያልፍ። በቪዲዮ ግን አንድ ሰዓት ውስጥ ለመቀበል 270፣ ለመላክ 270፣ በድምሩ 540 ሜጋባይት ይሄዳል። ልዩነቱን እዩት። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚበላው ዳታ ቢያንስ ለሰባት ሰዓት የድምፅ ስብሰባ ይበቃል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የራሳችሁን ካሜራ ማጥፋት የሌሎችን ምስል መቀበል አያስቆምም። አሥር ሰው ካሜራ ከፍቶ ከተቀመጠ፣ የናንተ ስልክ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ሰዎች ምስል ሁሉ እያመጣ ነው። ዳታው ያልቃል፣ ስልኩም ይግላል፣ ባትሪውም ይወርዳል። ስለዚህ «ዳታ የሌለው ካሜራውን ያጥፋ» ማለት የሚልከውን ይቀንስለታል እንጂ ብቻውን አይበቃውም። ባለ ዋይፋዩም ካሜራውን መዝጋት አለበት። ዙም ላይ የሚመጣውን ቪዲዮ ከራስ ስልክ ማስቆሚያ አለ፣ ግን ያን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ድሮውንም የሚቸገረው ሰው አይደለም። ሰላምታ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ፊት ለፊት ተያዩ፣ ናፍቆትም አለ፣ ከዚያ ሁሉም ይዝጋ።

እንግዲህ የትኛው?

ከሁሉም በፊት ግን ስብሰባው ራሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ለማሳወቅ ብቻ ከሆነ ሰው አትሰብስቡ። የ3 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ግሩፑ ላይ ልቀቁ፣ ሁሉም በሚመቸው ሰዓት ይሰማዋል፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠራው ልጅ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሲወጣ ይሰማዋል፣ ሰው ቤት ያለችውም ኩሽና ስትገባ ትሰማዋለች። ሰው በአንድ ሰዓት የሚሰበሰበው ሲከራከርና ሲወስን፣ ወይም ሲያዝንና ሲጽናና ነው። ሰነድ አብሮ መሥራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለእንደኛ አገር ማኅበር፣ ቅሬ፣ ኮሚቴ፣ እኔ በመጀመሪያ የማስበው ቴሌግራምን ነው። ሰው ድሮውንም እዚያ ስላለ ነው ዋናው ምክንያቴ። አዲስ አፕ አይጫንም፣ የይለፍ ቃል አይጠፋም። ግሩፑ ውስጥ አድሚኑ የድምፅ ውይይት ይከፍታል፣ አባላት ከላይ የመጣውን ነካ አድርገው ይገባሉ። አዲስ የሚገባው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፣ መናገር የፈለገ እጅ ያወጣል፣ አድሚኑ ይፈቅድለታል። ይህ ሰብሳቢ ለሚሆን ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስብሰባው ሲቀረጽ ቅጂው የቀረጸው አድሚን ቴሌግራም ላይ፣ የተቀመጡ መልእክቶቹ ውስጥ ይገባል፣ ለቀረ ሰው ይላካል። ድምፅ መስጫም እዚያው አለ፣ ስም እየታየ ወይም በምስጢር። ምስጢሩን ወይም ግልጹን መምረጥ እንዳለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ገንዘብ ነክ ጉዳይ ላይ ሰው ሲፈራ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የሰዓት ገደብ የለውም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። እኛ ጋ ስብሰባ በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። አንድ ጊዜ በነፃ የሚሰጥ፣ ሰዓት ሲሞላ የሚቆርጥ አፕ ላይ ነበርን። አንድ ትልቅ ሰው ጋብዘን ነበር፣ ማብቂያ ላይ «አሚን» እያልን ሲመርቁን፣ መሃል ላይ ጠፉ። ሁላችንም ከስብሰባው ወጣን። እሳቸው አልገባቸውም፣ ጥለናቸው የሄድን መስሏቸው ነበር። በማግስቱ አንዱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ነገሩን አስረዳ።

ዙም በነፃ 40 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ እስከ 100 ሰው ያስገባል። ጉግል ሚት 3 ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን በነፃ 60 ደቂቃ ነው፣ እሱም እስከ 100 ሰው። የማይክሮሶፍት ቲምስ ነፃውም እንደዚሁ 60 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በዶላር መክፈል አለ፣ ለዚያ ደግሞ ውጭ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ አባል ቢከፍል ይሆናል። ግን ያ ሰው በሆነ ምክንያት ቢተው ስብሰባችሁ በእሱ እጅ እንዳለ አስቡ።

ይህ ማለት ዙም አይረባም ማለት አይደለም። በደንብ ከያዛችሁት ለሥልጠናና ለትምህርት ከሁሉም የተሻለ ነው። ሰውን በትናንሽ ቡድን ከፋፍሎ ማወያየት፣ ከዚያ መልሶ ማሰባሰብ ሲያስፈልግ፣ ዙም ነፃው ላይም ይህን ይሰጣል፣ ጉግል ሚት ነፃው ላይ አይሰጥም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆናችሁ ዋይፋይና ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ስላይድ ማሳየት ካለባችሁ፣ ያዙት። ሰነድ ብቻ ሼር ማድረግ ደግሞ የሰው ፊት ከማሳየት በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው፣ የቆመ ገጽ ስለሆነ።

ጉግል ሚት አንድ ጥሩ ነገር አለው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ያቺ ሪያድ ያለች ጓደኛችን መጨረሻ ላይ የገባችው በእሱ ነው፣ ስልኳ ላይ ድሮውንም ነበረ፣ ማንም አልነገራትም እንጂ።

ዋትሳፕ የቡድን ጥሪው እስከ 32 ሰው ይይዛል። ለቤተሰብና ለትንሽ ኮሚቴ በቂ ነው። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሁሉንም ስልክ ቁጥር ያያል። ሴት ልጆች ባሉበት፣ የማይተዋወቅ ሰው በተቀላቀለበት ግሩፕ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቁጥሯን ከግሩፕ ወስዶ ሌሊት የሚደውልባት ሰው አይጠፋም። ሌላው፣ ዱባይና አቡዳቢ ላይ የዋትሳፕ ጥሪ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ነው። መልእክቱ ይሄዳል፣ ጥሪው እምቢ ይላል። ቴሌግራምም ላይ እንዲሁ ሊያስቸግር ይችላል። እዚያ የተፈቀዱት እንደ ዙም፣ ቲምስና ጉግል ሚት ያሉት ናቸው። እኛም ዱባይ ያለ ወንድም ስላለን፣ የውሳኔ ስብሰባችን ካሜራ ዘግተን ጉግል ሚት ላይ ነው፣ ሌላው ነገራችን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው። ሁለት አፕ መያዝ ነውር የለውም። አራትና አምስት ሲሆን ግን ሰው ይጠፋል።

ጂትሲ የሚባል አለ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ አካውንት በሊንክ ብቻ ይገባል። ከ2023 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ ግን ስብሰባውን የሚከፍተው ሰው አካውንት ይጠየቃል፣ ለእንግዶቹ አያስፈልግም። ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ኢሞም ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን የለመዱት ስለሆነ አትናቁት። ነጭ ሰሌዳ፣ ባለ ቀለም ወረቀት መለጠፊያ ምናምን የሚሉትን አፖች ሁሉም ላፕቶፕ ላይ ካልሆነ በስተቀር ተዉአቸው። በስልክ ጽሑፉ አይነበብም።

ሰዓቱን በኛ ሰዓት ጻፉ

ይህን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፣ ስብሰባ የሚያበላሸው ግን ከኔትወርክ በላይ እሱ ነው። አፖቹ ሁሉ ግብዣ የሚልኩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። «3:00 ፒኤም» ብሎ ይመጣል። በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ኮምቦልቻ ያለው ወዳጃችን ግን 3 የሚለውን አይቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገባ፣ ባዶ ክፍል ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ግብዣውን ከአፑ አንልክም። ግሩፑ ላይ በእጃችን እንጽፋለን፦ «እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት በደሴ፣ ሪያድም 2 ሰዓት፣ ዱባይ 3 ሰዓት፣ ዋሽንግተን እሁድ ቀን በነሱ 12 ወይም 1 ሰዓት» ብለን። ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። አሜሪካ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። መጋቢት አካባቢና ጥቅምት መጨረሻ ላይ አረጋግጡ።

ቀኑም እንደዚሁ። ጁምዓ ሰዓት፣ እሁድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት፣ ረመዳን ውስጥ ማታ፣ እነዚህን ደሴ ያደገ ሰው ይነገረው አይልም። ግን ውጭ ያለው አባል የራሱን የሥራ ቀን ብቻ ያይና ይረሳል። ሳውዲ ላይ የእረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ እሁድ ሥራ ነው። ሁሉንም የሚያስደስት ሰዓት የለም። አንዴ ለዚህኛው፣ አንዴ ለዚያኛው አዙሩት።

አፑ አይሰበስብም

ወሎ ውስጥ አበጋር ተቀምጦ ሲያስታርቅ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ሰው በተራ ነው የሚናገረው፣ ዝም ያለውም ይጠየቃል። ኦንላይን ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀንስም፣ ምክንያቱም ፊት አይታይም። የተከፋ ሰው ሲከፋ አታዩትም። ዝም ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ሰብሳቢው አንድ ሰው፣ አፑን የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን። አንድ ሰው ሁለቱን ሲሠራ አንዱን ይበድላል። ባለ አፑ የዘገየውን ያስገባል፣ ልጅ የሚያለቅስበትን ወይም መኪና የሚያጮህበትን ማይክ ይዘጋል፣ የተቋረጠበትን ይደውልለታል። ሰብሳቢው ደግሞ ስም ይጠራል። «አስተያየት ያለው?» ብላችሁ ክፍት አትተዉት። ኦንላይን ላይ እንዲህ ሲባል ሦስት ሰው አንድ ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ ሦስቱም «ቀጥል አንተ» ብለው ዝም ይላሉ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብላችሁ በስም ጠይቁ፣ ቢያንስ 10 ሰከንድ ጠብቁ፣ ማይኩን እስኪከፍቱ፣ ድምፁ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ዝም ሲሉ «አስተያየት የላቸውም» ብላችሁ አትለፉ።

ማይክ መክፈት የከበደውን ሰው በጽሑፍ ይላክ አትበሉት። መጻፍ ለብዙ እናቶች ከመናገር ይከብዳል። የድምፅ መልእክት ያድርጉ፣ ባለ አፑ ያሰማላቸው። እኛ ይህን ከጀመርን በኋላ አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ሐሳብ መስጠት ጀመሩ።

ውሳኔ ላይ ስትደርሱ ሰብሳቢው ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይበለው። ግማሹ ሲቆራረጥበት ነበር፣ የሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይጻፍ።

ቃለ ጉባኤው ግን ስብሰባው የተካሄደበት አፕ ውስጥ አይቅር። ስካይፕን አስታውሱ። ለስንት ዓመት ወንድም ከእህቱ የተገናኘው በእሱ ነበር፣ በግንቦት 2025 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተዘጋ። የጉግል ሃንግአውትስም ከሱ በፊት ቀርቷል። እኛ ጉግል ዶክስ ላይ እንጽፋለን፣ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ማረም ይችላል፣ ዳታም ብዙ አይበላም። በአማርኛ መተየብ የሚያስቸግረው ሰው የጉግልን ኪቦርድ ማይክ ነክቶ በአማርኛ ቢናገር ይጽፍለታል። ትንሽ ይሳሳታል፣ ግን ከባዶ ከመጀመር ይሻላል። የመዋጮው ሒሳብ ደግሞ ጉግል ሺትስ ላይ ይሁን፣ አባላት እንዲያዩት ብቻ፣ ሁለት ሰው ብቻ እንዲነካው። ማን ምን መቼ እንደቀየረ ታሪኩ ስለሚቀመጥ ገንዘብ ያዡም ከሐሜት ይድናል። እኛ መሃል የነበረው ጉርምርምታ ያለቀው በዚህ ነው፣ በስብሰባ አይደለም።

ሊንክ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የማታውቁት ሰው ገብቶ ያውካችኋል። ግሩፑ ላይ ብቻ ላኩ፣ ዙም ከሆነ ሰው እስኪፈቀድለት የሚቆይበትን የመጠበቂያ ክፍል አታጥፉት። ከመቅረጻችሁ በፊትም ንገሩና ፈቃድ ጠይቁ። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስለ አሠሪዋ የተናገረችው ነገር ተቀርጾ ቢወጣ ምን እንደሚደርስባት አስቡ።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይጠፋል። መብራትም ይሄዳል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፣ ያኔ ዋይፋይ ያለበትን ፍለጋ ስንዞር የነበርን ሰዎች ይህን አንረሳውም። ስለዚህ «ኢንተርኔት ባይኖርስ?» የሚለው ከመጀመሪያው መልስ ይኑረው። የእኛ እንዲህ ነው፦ በተባለው ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ ግማሹ ካልገባ ስብሰባው ለሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ይተላለፋል። አስቸኳይ ከሆነ የኮሚቴው ጥቂት ሰዎች በተራ ስልክ በኮንፈረንስ ጥሪ ይገናኛሉ። ውሳኔው በኤስኤምኤስ ይደርሳል። ኤስኤምኤስ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በላቲን ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ስለዚህ ሰላምታውን ተዉና ውሳኔውን ብቻ ጻፉ፣ የሚቀየም የለም። የሁሉም ስልክ ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ ይኑር። ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ግሩፑም አብሮ ይሄዳልና።

ለጎረቤታችን ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ቴሌግራም ላይ፣ በድምፅ ብቻ፣ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሁን አልኩት። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ዳኛው ቤት ሄደህ አብራችሁ ሞክሩ፣ አንተ ከውጭ፣ እሳቸው ከሳሎናቸው፣ 5 ደቂቃ ብቻ። ትናንት ማታ ደወለ። ሳሎን ውስጥ አልሠራ ብሎ በረንዳ ላይ ሲወጡ ጥርት ብሎ ተሰማ አለኝ። እሁድ ዕለት በረንዳው ላይ ወንበር ይወጣላቸዋል፣ ጋቢም ያስፈልጋቸዋል፣ ማታ ይበርዳል። ሪያድ ካሉት ጋር ያለው ሙከራ ለዛሬ ማታ ተይዟል። የመጀመሪያው አጀንዳ የድንኳኑ ግዢ ነው።